የእፍኟ ክብደት

«ጉረሺ እንጂ ልጄ! እህል የከለከለሽ ማነው?»

አክስቷ ወይዘሮ አሰለች የጠቀለሉትን ጉርሻ ይዘው ከፊቷ ከቆሙ ቆይተዋል። የትናየት አፏን ከፈተችላቸው። ጎረሰች፤ አኘከች፤ ዋጠች። ምን እንደ ዋጠች ብትጠየቅ ግን አታውቀውም። እዝኑን ያመጣችው የታችኛዋ ጎረቤት የምስር ወጡን አሳምራ ሠርታዋለች፤ ሽታው ከደጅ ይጣራል። ለየትናየት ግን እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ጨውም ቃሪያም፣ ትኩሱም ቀዝቃዛውም አንድ ሆኖባታል።

«ወጡ እንዴት ነው?» አሉ አክስቷ፣ እንዲያው ዝም ላለማለት።

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው ትላለች! የእናትሽ በርበሬ እኮ ነው። በዚህ መንደር የእናትሽ እጅ ያልነካው በርበሬ ያለው ቤት አለ እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ከገነተ ማርያም ግርጌ ባለችው በዚያች መንደር እናቷን ወለተ ሩፋኤልን ሳይጠራ በርበሬ የሚደልዝ ቤት አልነበረም። ሠርግ ሲሆን እሷ፣ ክርስትና ሲሆን እሷ፣ ተዝካር ሲሆን እሷ። ሌሎቹ ይቀነጥሳሉ፣ ይወቅጣሉ፤ ቅመሙን ሰፍራ የምትጥለው ግን ወለተ ሩፋኤል ነበረች፣ ያውም በእፍኟ። ስለዚህ በእነዚህ የለቅሶ ቀናት ከየቤቱ ተሸፍኖ የሚመጣው እዝን ሁሉ የሟቿ እጅ ያለበት ነው። ሰው ሞቶም በገዛ ለቅሶው እንግዳ ያበላል ማለት ይኸው ነው።

ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ለቀስተኛ ሲገባ አብረው ያለቅሳሉ፤ ሲቀመጥ ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ሲረዝምባቸው ደግሞ ያንሾካሹካሉ። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ከበር እስከ ጓዳ ለመድረስ አይቸግረውም።

«አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም እኮ፣ አየሽልኝ?»

«ተያት እቴ፣ ደንግጣ ነው።»

«እስከ ዛሬ የሚቆይ ምን ድንጋጤ አለ? ላሊበላ ሆቴል ገብታ ከፈረንጅ ጋር ስትውል ሆዷ ደርቆ ነው እንጂ።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች!»

ሰምታለች። አልከፋትም፤ መከፋቱ ራሱ የት እንደ ሄደባት አታውቅም። በቀብሩ ዕለት አልቃሿ ደረቷን እየደቃች፣

«ጨዉን በርበሬውን ማን ይመጥነዋል፤
የሁሉ መስፈሪያ እጇ አፈር ለብሷል»

ስትል አገር ምድሩ ሲንጫጫ፣ የትናየት ቆማ የአልቃሿን የነጠላ ጥለት ትመለከት ነበር። አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ቀን በልቧ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

የሠልስቱ ማግስት ረፋድ ላይ ወይዘሮ አሰለች ጓዳ ገብተው ግማሽ ፈረሱላ ዛላ በርበሬ የያዘ ጆንያ ጎትተው አወጡ።

«እንግዲህ ሴቶች፣ እንባውም አለ፣ ሥራውም አለ» አሉ። «ሰማዩ ሳይከፋብን በርበሬውን እንደልዝ። ተደልዞ፣ ታፍኖ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ለአርባው ካልደረሰ የወለተ ሩፋኤል ተዝካር በገበያ በርበሬ ሊወጣ ነው?»

«በስመ አብ!» አሉ ሴቶቹ አንድ ላይ።

«ቅመሙንስ ማን ይጥለው?»

ሁሉም ወደ የትናየት ዞሩ። የመንደሩ ወግ እንዲህ ነው፤ ለሟች ተዝካር በሚደለዘው በርበሬ ላይ ቅመሙን የምትጥለው የሟች ሴት ልጅ ናት። የሌላ ሰው እጅ ከቀደመ፣ ሟች በገዛ ድግሷ እንግዳ ሆነች ይባላል። ወለተ ሩፋኤል ደግሞ ከየትናየት ሌላ ልጅ የላትም።

«እኔ እጥለዋለሁ» አለች የትናየት።

ድንዝዝ ባለው ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። በአርባው ዕለት ካህናቱም፣ ጎረቤቱም፣ ደጅ የተቀመጠው የኔ ቢጤም አንድ አንድ ጊዜ ጎርሰው «አይ፣ ይቺስ የወለተ ሩፋኤል አይደለችም» ያሉ እንደሆነ እናቷ ሁለተኛ ትሞታለች። ይህ እንዳይሆን ትፈልጋለች። ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። በደህናው ቀን ቢሆን ቀምሳ ታቃናው ነበር፤ አሁን ግን ምላሷ ከድቷታል። የቀራት በቃሏ የያዘችው ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ያገኘችው አምና፣ ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ያን ጊዜ ላሊበላ ላይ ሆቴል በሆቴል ላይ ይከፈት ነበር። የትናየት ወጥ ቤት የገባችበት ሆቴል የእናቷን በርበሬ ቀምሶ ወደደውና ዋናው ወጥ ሠሪ ጠርቶ ጠየቃት።

«እንዴት ነው የሚዘጋጀው?»

«ለግማሽ ፈረሱላ በርበሬ ጨው ሦስት እፍኝ፣ ኮሰረት ሁለት እፍኝ፣ በሶብላ . . .»

«ቆይ ቆይ። የማን እፍኝ?»

«የእናቴ።»

«እናትሽን እዚህ እንቅጠራቸው? አንቺ ዕረፍት ስትወጪ የምትተካሽ ልጅ በየትኛው እጇ ትስፈር? በግራም አድርጊና አምጪልኝ። ደግሞ አንድ ጊዜ መዝነሽ እንዳትተዪው፤ ሰው ሲሰፍር አንድ ቀን ይሞላል አንድ ቀን ይጎድላል።»

ትክክል ነበር። እሷም ባለ መርፌዋን ትንሽ ሚዛን በፌስታል ቋጥራ አገሯ ገባች።

ወለተ ሩፋኤል ሚዛኑን ስታይ እንደ ሕፃን ሳቀች። ትልልቅ እጆች ነበሯት፤ ሰዉ «አካፋ እጅ» እያለ ይቀልድባታል። ሁለቱን እጆቿን ገጥማ ጨዉን አፈሰችና ሳህኑ ላይ ገለበጠችው። መርፌዋ ተወርውራ ሁለት መቶ ሰማንያ ላይ ቆመች። ኮሰረቱን አፍሳ ገለበጠች። መርፌዋ ሠላሳ ላይ ብቻ ደርሳ ቀረች።

«እንዴ!» አለች ወለተ ሩፋኤል። «እፍኝ እፍኝ ነው። ይሄ ብረት ለጨው ያዳላል እንዴ?»

«አያዳላም እማዬ። የያዙት ቦታ አንድ ነው፤ ክብደታቸው ነው የሚለያየው። ጨው ከባድ ነው፣ ኮሰረት ደግሞ ቅጠል ነው።»

«እሱንማ እጄም ያውቀዋል። ወጡስ የሚያውቀው የቱን ነው? ቦታውን ነው ክብደቱን?»

የትናየት መርፌዋን ደግማ አየች። እናቷ ይህን አይታ ይበልጥ ሳቀች፤ ሚዛኑን በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች «ምላስ ያለው ብረት!» አለችው። የዚያን ዕለት ሁሉንም መዘኑ፤ ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ የተወቀጠውን ዝንጅብል። ከዚያ ወዲህ እናቷ እንደዚያ ስትስቅ አላየቻትም።

ከፋሲካ በኋላ ተመልሳ መጣች። ወለተ ሩፋኤል ነጠላዋን እስከ አንገቷ ተከናንባ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ነበር። «ብርዱ አላስወጣ አለኝ» አለች፣ ደጁን ፀሐይ ሞልቶት። ጨዉን አፈሰች፤ ሁለት መቶ ሠላሳ። የትናየት ሚዛኑ የተበላሸ መስሏት አንድ ኪሎ ስኳር አስቀመጠችበት። ልክ አንድ ኪሎ አለ።

«እማዬ፣ ሙዪው እንጂ።»

«ሞልቼዋለሁ።»

በፍልሰታ ሰሞን ደግሞ መርፌዋ ሁለት መቶም አልደረሰች። የትናየት በዝናብ ስትደበደብ መጥታለች፣ ነገ በጠዋት ሥራ ትገባለች፣ ዋናው ወጥ ሠሪ ደግሞ የመጨረሻውን ቁጥር እየጠበቀ ነው። ተናደደች። ባለሙያ ሴት ሙያዋን ለሰው እንደማትሰጥ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ ሙያ በልብ ነው ይባላል። እናቴ በርበሬዋ ሆቴል እንዲገባ አልፈለገችም፣ ስለዚህ እያጎደለች ታሳስተኛለች ብላ ደመደመች።

«ደብቂው እሺ» አለቻት። «ይዘሽው ልትቀበሪ ነው?»

ወለተ ሩፋኤል እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ መለሰቻቸው። «አይ ልጄ» አለች።

የትናየት ላሊበላ ተመልሳ የኅዳሩን፣ የፋሲካውንና የፍልሰታውን ደምራ ለሦስት አካፈለችው። አማካዩን ለወጥ ቤቱ ሰጠች። በዚያ የተሠራው በርበሬ ወጡን አቅልቶ ጣዕም ነሳው፤ ዋናው ወጥ ሠሪ ግን ከሱቅ በርበሬ ይሻላል ብሎ ተቀበለው። የእናቷ መታመም የተነገራት ዘንድሮ ኅዳር ከገባ በኋላ ነው፤ መኪና አግኝታ እስክትደርስ ወለተ ሩፋኤል መናገር አቁማ ነበር።

አሁን ያ አማካይ በቃሏ አለ። በደጁ ምንጣፍ ላይ ሴቶቹ ዛላውን ይቀነጥሳሉ፤ ሁለቱ ሙቀጫውን ከበው ዘነዘናውን ተራ በተራ ያነሣሉ። በየመካከሉ ያስነጥሳሉ። ወይዘሮ አሰለች ከጓዳ ሚዛኑን አምጥተው ከገበታው አጠገብ አኖሩላት።

«ይኸው ሚዛንሽ። እኔ መቼም አላውቅበትም።»

የትናየት ጨዉን መዝና በአንድ ሳህን አደረገች። ኮሰረቱን በሌላ። ልክ ሆቴል ቤት እንዳለች፣ ለአማካዩ ጥቂት ሲጎድል እየጨመረች፣ ጥቂት ሲተርፍ እየቀነሰች። ከሹክሹክተኞቹ አንዷ የጎረቤቷን ጉልበት ነካ አደረገችና በአገጯ ወደ እሷ አመለከተች።

ጀውሀራ የገባችው በዚህ መካከል ነው። ጀውሀራ የቅመም ነጋዴ ናት፤ ቤቷ ከመኪናው መንገድ ዳር ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ትዘረጋለች። ወለተ ሩፋኤል ዘመኗን ሁሉ ቅመም የገዛችው ከእሷ ነው። መርዶው ዘግይቶ ደርሷት በእግሯ መጥታለች። የበሩን መቃን ይዛ አለቀሰች፣ ከሴቶቹ ጋር ተላቀሰች፣ የትናየትን ደረቷ ላይ አስደግፋ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ የኔ ልጅ» አለቻት። ከዚያ ተቀምጣ ከመቀነቷ ሥር አንድ ቋጠሮ ኮረሪማና አንድ ቋጠሮ ኮሰረት አወጣች።

«ለአርባዋ ነው» አለች። «በእኔ እጅ አልሰፈርሁትም፤ እንዲሁ ነው የቋጠርሁት። እሷ ብትኖር በእኔ እጅ አትቀበለኝም ነበር።»

ሴቶቹ በለቅሶ መካከል ፈገግ አሉ። ሁሉም ያውቁታል። ኮሰረት በእፍኝ ነው የሚሸጠው። ወለተ ሩፋኤል ሁልጊዜ «በእኔ እጅ ነው የሚሰፈር» ትላለች፤ ጀውሀራ ደግሞ «ያንቺ እጅ አካፋ ነው፣ ታከስሪኛለሽ» ትላለች። ገበያተኛው ቆሞ ይስቃል። ኋላ አንዱን በዚያች አንዱን በዚህች እጅ ይሰፍሩና ይታረቃሉ።

«መሞቷን የነገረኝ ሰው አዲስ ወሬ መስሎት ነው እንጂ» አለች ጀውሀራ እንባዋን እየጠረገች፣ «እኔ ካወቅሁት ቆይቻለሁ። ከፋሲካ በፊት መጣች። እኔ መቼም ለጨዋታው ተዘጋጅቼ ‹ዛሬ በአካፋሽ አላሰፍርም!› ስላት ቀና ብላ አየችኝና ‹በአንቺ እጅ ስፈሪልኝ ጀውሀራ፣ ያንቺ ይበልጣል› አለችኝ። እጇን ከነጠላዋ ሳብ አድርጌ አየሁት። ያ ሁሉ እጅ! የሕፃን እጅ አክሎ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ። የሸጥሁላትን እንኳ በቅጡ አላስታውሰውም።»

የትናየት ኮረሪማ የያዘ እጇ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሁለት መቶ ሰማንያ። ሁለት መቶ ሠላሳ። ከሁለት መቶ በታች። ሦስቱ ቁጥሮች በተራቸው መጡባት። ልብ ካላየ ዐይን አያይም እንዲሉ፣ መርፌዋ ወደ ታች ስትወርድ በዐይኗ አይታለች፣ በአፏ ጠርታዋለች። እናቷ እያለቀች ነበር። እሷ ደግሞ ደምራ አካፈለችው።

«አክስቴ» አለች፣ ድምፁ ከራሷ የመጣ አልመስል ብሏት። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

ወይዘሮ አሰለች የሚቀነጥሱትን በርበሬ አስቀመጡ። ሴቶቹም ዘነዘናውን አቆሙ።

«አውቅ ነበር። አስማለችኝ። ‹ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ ሆድ ይፍጀው› አለችኝ። ከፋሲካ ወዲህ ሰው ቤት ስትጠራ እኔ ነበርሁ የምደግፋት። ሦስት እፍኝ ትጥልና ከላዩ ጭብጥ ትደግምበት ነበር። ‹ልማድሽ አይደለም› ስላት ‹እጄ ጎደለ፣ የሰው ቤት እንዳይጎድል› ትለኛለች። እዚህ ማን ነው ጎደለብኝ ያለ? ማንም።»

«ለእኔስ ለምን አልደገመችልኝም?»

ይህን ስትጠይቅ እንደ ልጅ ሆነች። አክስቷ ፊታቸውን ወደ ገበታው መለሱ።

«እኔም ጠይቄያታለሁ። በፍልሰታው ጊዜ፣ ተቆጥተሽ የሄድሽ ለታ። ‹ለሚዛኑም ጭብጥ ብትደግሚበት ምን ነበረበት? ልጅቱን አስቆጣሻት› አልኋት። ‹ልጄ እፍኝሽን ስጪኝ አለችኝ፣ ያለኝ እፍኝ ይሄው ነው› አለች። ‹እኔ መናገሩ አቃተኝ አሰለች። ሚዛኑ ይንገራት ብዬ ነው።›»

ከሴቶቹ አንዷ፣ ያቺው ሆዷ ደርቋል ያለችው፣ አንገቷን ደፋች። የትናየት አሁንም አላለቀሰችም። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ግን ንቅንቅ አላለም። ተነሥታ የመዘነቻቸውን ሳህኖች አንድ በአንድ ወደየቋጠሮው ገለበጠቻቸው።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ተሳሳትሽ?»

«አዎ። እንደ ገና ልመዝን ነው። የአምና ኅዳሩን።»

ጨው፣ ሁለት መቶ ሰማንያ፤ ሦስት ጊዜ። ኮሰረት ሠላሳ፤ ሁለት ጊዜ። በሶብላውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ የጀውሀራን ኮረሪማ። እናቷ እጇ ሙሉ የነበረበትን ቀን ከሚዛኑ ላይ መልሳ እያወጣች ገበታው ውስጥ ጣለችው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቅጠው ተጨመሩ። የተደለዘው በርበሬ እርጥበቱን ጠጥቶ ጠቆረ።

«አሁን በእጅ ነው» አሉ ወይዘሮ አሰለች። «እስኪዋሐድ።»

ሆቴል ቤት ጓንት አለ። እዚህ የለም፤ ቢኖርም አታስበውም ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ ሁለት እጇን ገበታው ውስጥ ከተተች። ከሥር እየገለበጠች፣ እየጨበጠች፣ እያሸች ቆየች። ሴቶቹ ወሬያቸውን ትተው ያዩዋታል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ደጁን ሞልታዋለች።

«ቅመሱልኝ አክስቴ። እኔ አይታወቀኝም።»

ወይዘሮ አሰለች በጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አኖሩ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሴቶቹም ጠበቁ፣ ጀውሀራም ጠበቀች።

«የእህቴ ነው» አሉ ወይዘሮ አሰለች። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ከግድግዳው ኋላ ድምፃቸው ተሰማ።

ሴቶቹ እየተነሡ ገበታውን ተሸከሙት፤ ታፍኖ ወደሚያድርበት ጥላ ወሰዱት። የትናየት በነበረችበት ቀረች። ጀውሀራ ከጓዳ ጥቂት ዘይት በስኒ፣ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛላት መጣች።

«ነይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ በዘይት ልሽልሽ፣ ከዚያ ትታጠቢያለሽ። ነጭ ሽንኩርቱ ከበርበሬው ጋር ሲሆን እንቅልፍ ይነሳል።»

የትናየት እጆቿን አየቻቸው። እስከ አንጓቸው ቀልተዋል። ከጣቶቿ ጫፍ የጀመረው ቃጠሎ መዳፏን አዳርሶ ወደ ክንዷ ይወጣል። ያማል። ከቀብሩ ወዲህ ሲያማት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጀውሀራ ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ጠበቀቻት።

የትናየት እጆቿን ሰብስባ ደረቷ ሥር አስገባቻቸው።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።